እግሩም የኔ፣ ጣቱም የኔ

እትዬ ገበያነሽ አውራ ጣታቸውን ከቅልጥማቸው ላይ ሲያነሱ የተጫኑት ስፍራ ሰርጉዶ ይቀር ይሆን? ሐኪሙ አላወቀም። ኩላሊታቸው ደክሟል፤ እብጠቱ ከበረታ አዋሳ ውስጥ ደማቸውን አጣርቶ የሚያድናቸው መሣሪያ አልነበረም። ጨው እንዲተዉ፣ በየማለዳው ቅልጥማቸውን እየተጫኑ እብጠቱን እንዲከታተሉ ያስተማራቸው እሱ ነው። ኪየቭ ሳለ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ግን «በሽተኛ ራሱን መጠበቅ አይችልም» ይሉ ነበር፤ ባለፈው ወር እትዬ አብጠው ሲመጡ እሱም ቃላቸውን ለማመን ተቃርቦ ነበር።

አሁንም ሊዳስሳቸው እጁን ሲሰድ መታ አደረጉት። «ተው እንጂ ጓድ ዶክተር! እግሩም የኔ፣ ጣቱም የኔ!»

«እሺ እትዬ፣ ይጫኑት።»

«ወጤ ጨው የለውም፤ ስርጉዱ ግን ባለፈው ወር አልሞላ አለኝ። ምን በልቼ ይሆን ብዬ ሳስብ፣ ለካ ጉዱ ዓሣ የማባይበት ዳጣ ውስጥ ኖሯል! ቃሪያውን ስፈጭ እጄ ሳላዝዘው ጨው ይበትናል። አሁን በሎሚ ብቻ ሆኗል።»

ጣታቸውን አነሱ። ቆዳው ወዲያው ሞላ። እትዬ እግራቸውን እንደ አዲስ ጫማ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ አዩት።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ፖስታ ቤት ሄዶ ለፕሮፌሰሩ ቴሌግራም ላከ፦ «በሽተኛዬ ያበጡበትን ምክንያት ራሳቸው አገኙት።»