አዲሱ አሞርዛተር

ሞተር ሳይክሉ ግቢ ውስጥ ማንም ሳይቀመጥበት ከኋላ ዝቅ ይላል። ሞተረኛው ብቻውን ሲነዳውም ሰው እንደጫነ ይከብደዋል። ለሚስቱ «የኋላው አሞርዛተር ደክሟል» አላትና ሞላው ጠንካራ የተባለውን አዲስ ገዝቶ መጣ።

ሞተሩን ከሥሩ በቢራ ሳጥን አስደግፎ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ።

«ለምን እንዲህ ትታገላለህ?» አለችው ጎማውን የያዘችለት ሚስቱ።

«ብሎኑ ዝጎ ነው።»

አሮጌውን አውጥቶ መሬት ላይ አቆመና በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ሞላው ወርዶ ወዲያው ተመለሰ። ጭራሽ አልደከመም። እሷ ሳታይ በጨርቅ ጠቀለለው።

አዲሱን አስሮ ሞተሩን አወረደው። ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፤ ከኋላ ዝቅ አላለም።

«ይኸው!» አለች ሚስቱ እየሳቀች። «አንተ ደግሞ እኚያን ምስኪን ሽማግሌ እያሰብክ እንቅልፍ አጣህ። ጤና ጣቢያ ሳትደርሱ ቢሞቱ አንተ ምን ታደርግ?»

እሱን ያስፈራው መሞታቸው አልነበረም። ታመው ከቤታቸው በሞተሩ ሲያነሳቸው፣ «አባባ፣ ጥብቅ አድርገው ይያዙኝ፤ ምንም ቢመጣ እንዳይለቁኝ» ብሏቸው ነበር። ሲደርሱ ነርሶቹ የሽማግሌውን እጅ ከወገቡ ላይ ያላቀቁት በስንት ትግል ነው።

ሚስቱ ሞተሩን ልታጥብ ውጪ ቀረች። እሱ ቀለል ብሎት ቤት ገባና ጫማውን ሊያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ከኋላው ፍራሹ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።