ያልተሞከረው ጠብታ

“ብልቃጡን መልስልኝ፣” አለች ተመራማሪዋ ምህረት።

አልጋው ላይ የተቀመጠው ጅሩ አልሰጣትም። ክዳኑን ነቅሎ ብልቃጡን ካበጠው ባቱ በላይ ይዞታል። ወይጦ ወንዝ አጠገብ በሬ ወግቶት የቆሰለው ቁስል መድኃኒት ሁሉ እምቢ ብሎት ወደ ጉልበቱ እየወጣ ነው። ዶክተር ተፈሪ ጠዋት ቁርጡን ነግሮታል፤ እግሩ ዛሬ ካልተቆረጠ ሕይወቱም አትተርፍም።

ምህረት ጂንካ ሆስፒታል ድረስ የመጣችው ለጥናት ነው። ናኖ የሚሉት፣ ከዱቄት እጅግ የደቀቀ፣ ጀርም ላይ የሚጣበቅ የብረት ብናኝ ይዛ። ቅድም ጅሩ “መግሌን ምን ታደርጊበታለሽ?” ብሎ ቢጠይቃት ከቁስሉ የወሰደችውን መግል ብልቃጥ ውስጥ ከብናኙ ጋር በጥብጣ ማግኔት አስጠጋችበት። ጥቁሩ ብናኝ ጀርሙን ይዞ ወደ ማግኔቱ ተሰበሰበ፤ ድፍርሱ ፈሳሽ ዓይኑ እያየ ጠራ። ብናኙ ብቻ የተበጠበጠበትን ሌላውን ብልቃጥ ከትሪው ላይ ላፍ ያደረገው ያኔ ነው።

“ሠራ እኮ! እኔ ላይ ለምን አይሠራም?”

“ሰው ላይ አልተሞከረም። ከብልቃጥ ብናኙን መልሼ አወጣዋለሁ። ደምህ ውስጥ ከገባ ግን የት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ላወጣውም አልችልም።”

“በእኔ ይሞከራ።”

“ከሞትክስ?”

“በአንድ እግር ከብት አይነዳም። እሱስ ምን ኑሮ ነው?”

በሩ ላይ የቆመው ታናሽ ወንድሙ ዶላሞ አላስቻለውም። “የአንቺ ወንድም ቢሆን ትከለክይው ነበር?”

ከብልቃጡ አፍ ጥቁር ጠብታ ተንጠለጠለ። ምህረት እጇን ልትሰድ አሰበችና ተወችው፤ ብትነካው ይፈሳል።

“ወንድሜም ቢሆን አስቆርጠው ነበር፣” አለች። “እያለቀስኩ አስቆርጠው ነበር።”

ጅሩ ፊቷን አተኩሮ አየው። ውሸት የሚፈልግበት ይመስል ነበር። ከዚያ ብልቃጡን ቀስ ብሎ አቀናና መዳፏ ላይ አኖረላት። እጁ በትኩሳት ይፋጃል።

“ዶክተሩን ጥሪው፣” አለ። ወደ እግሩ እያየ ደግሞ፣ “እግሬ ከተቆረጠ በኋላ አትቅበሩት። አንቺ ውሰጂና እሱ ላይ ሞክሪ። የሚቀጥለው ሰው ሲመጣ አላውቅም እንዳትዪው።”

ምህረት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

አልጋውን ሲገፉት ጅሩ ጎንበስ ብሎ ያበጠ እግሩን በሁለት እጁ አቀፈው። ሩቅ አገር የሚሄድ ዘመዱን እንደሚሰናበት ሰው፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር እስኪዘጋ ድረስ አልለቀቀውም።