እሱ ሲወጣ ብቻ የሚግለው ኮምፒውተር

"አሁንም ጠፍቷል!"

ቦርሳውን ሳያወርድ ኮምፒውተሩን በመዳፉ ነካው... ወዲያው እጁን ሰበሰበ። ይፋጃል!

ሰውየው የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው። የሚሠራው ከእናቱ ጋር በሚኖርበት ቤት፣ ሳሎን ጥግ ላይ ነው። ጠዋት ማሽኑን ሥራ ላይ ጥዶት ካሜራውን ይዞ ይወጣል...

ሲመለስ ቪዲዮው አልቆ ሊጠብቀው ይገባ ነበር። የሚጠብቀው ግን የጠፋ ኮምፒውተር ነው።

ሙሽሮቹ ደግሞ "እስከ ቅዳሜ ካልደረሰ ለሌላ ሰው እንሰጣለን" ብለዋል። ማሽኑ ከተቃጠለ የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ ማለት ነው።

ያላደረገው ነገር የለም...

አቧራውን አራገፈ። ከግድግዳው አራቀው። ፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚቀንስ አዲስ ፔስት ቀባ። ተጨማሪ የማቀዝቀዣ ፋን ገጠመ፤ የሳሎኑ መስኮትማ ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።

ማሽኑ ግን ወይ ፍንክች! እኔ ብሆን በዱላ ነበር የምለው።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? አጠገቡ ተቀምጦ ሲሠራ ምንም አይሆንም። የሚግለው እሱ ከቤት ሲወጣ ነው!

ተሸክሞ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጓደኛው ጋ ወሰደው። ጓደኛው ቀኑን ሙሉ ቢያሠራው... ምንም አልሆነም።

"ማሽኑ ጤነኛ ነው" አለው። "አየር መውጫውን የሚዘጋ ነገር ቤትህ ውስጥ ፈልግ።"

"ቤት ውስጥ ከእማዬ በቀር ማን አለ?"

"እንግዲያው ወይ ትናፍቀዋለህ፣ ወይ ጋኔን አለበት!"

ተሳሳቁ። ነገሩ ግን ከነከነው።

በማግስቱ እንደ ወትሮው ማሽኑን ጥዶ ወጣ... መንገድ ላይ ቆየት ብሎ ተመለሰ። በሩን ቀስ አድርጎ ከፈተው።

እናቱ ከኮምፒውተሩ ጎን ተቀምጠዋል...

ብርድ ልብሳቸውን በጉልበታቸውም በማሽኑም ላይ ጣል አድርገው፣ እጃቸውን አየር መውጫው ላይ ዘርግተው... ይሞቃሉ። እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል።

"እማዬ!"

ደንግጠው ብርድ ልብሱን ገፈፉት።

"እኔ ልሙት አልነካካሁትም ልጄ! ትንሽ ሞቅ ሲለኝ እነሳለሁ ብዬ... እንቅልፍ እየጣለኝ ነው።"

"ለምን በረደኝ አላልሽኝም?"

እናት አንገታቸውን ደፉ።

"ብዬህ ነበር እኮ... 'መስኮቱን እንዳትዘጊው፣ ማሽኑ ይሞቃል' አልከኝ።"

ሄዶ እጃቸውን ያዘ። በጣም ቀዝቅዞ ነበር። እንደ ልጅ አለቀሰ።

የዚያኑ ዕለት ኮምፒውተሩ ወደ እሱ መኝታ ክፍል ተዛወረ። የሳሎኑ መስኮት ተዘጋ፤ ለእናት ማሞቂያ ተገዛ። ሙሽሮቹስ? ቪዲዮው ቅዳሜ ደረሳቸው።

ቤተሰቦች... ልጁ ክፉ አልነበረም። ለእናቱም ጭምር ነበር የሚለፋው። ግን የማሽኑን ሙቀት እየቆጠረ፣ ከጎኑ ያሉትን እናቱን እንደበረዳቸው ሳያይ ቀረ።

ወላጅ አንዴ "በረደኝ" ይላል። ካልሰማነው ሁለተኛ አይደግመውም... እንዳያስቸግረን ብሎ የራሱን መላ ይፈልጋል።

እስኪ እናንተ... እናታችሁ ወይም አባታችሁ አንዴ ተናግረው ዝም ያሉት ነገር ምንድን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን... መጀመሪያ ግን እነሱን ጠይቋቸው።