የማይተኛው አጥር

«እኔ የሠራሁትን አጥር ኤልክ አይደለም ባቡር አይጥሰውም» አለች ደሊያ፣ የላይኛውን ሽቦ በጓንቷ መታ እያደረገች። ሽቦው እንደ ጊታር ክር ጮኸ። «ሰማሽ አክስቴ? ዜማ ነው እኮ!»

አክስቷ ቨርና የፒክአፑን መስኮት ዝቅ አድርጋ ሽቅብ ወደ ጫካው ታይ ነበር።

«ዘፈኑን ተዪና አጥሩን አስተኚው። እየወረዱ ነው።»

እውነትም እየወረዱ ነበር። ተራራው አናት ላይ በረዶ ጥሎ ኤልኮቹን፣ እነዚያን ፈረስ የሚያህሉ አጋዘኖች፣ ከወትሮው ቀደም ብሎ አባሯቸዋል። መንገዳቸው በቨርና መሬት ነው። ከታች ያለውን ሜዳም ለክረምት ብርዳቸው ያስቀመጠችላቸው እሷው ናት፤ ከሰኔ ጀምሮ አንዲት ላም አላስገባችበትም፣ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ጎረቤቱ ሁሉ «ቨርና ለዱር አውሬ ሆቴል ከፈተች» እያለ ሲስቅባት፣ እሷ «አዎ፣ ቁርስ ጨምሮ» ብላ ታልፋለች።

ያ ሁሉ ሣር የሚጠቅመው ግን ከደረሱበት ነው። ለዚህ ነው እዚህ ሞንታና ውስጥ፣ በእነሱ ተራራ ያለው አጥር የሚተኛው። ሽቦው ከቋሚዎቹ ጋር አይቸነከርም። ቀጫጭን እንጨቶች ላይ ይወጠራል፣ እንጨቶቹን ደግሞ የሽቦ ቀለበት ከቋሚው ጋር ይይዛቸዋል። በመከር ከብቱ ወደ ቤት ሲገባ ቀለበቱን ወደ ላይ ሳብ ነው፤ አጥሩ ምድር ላይ ዘፍ ይላል። ደሊያ ገና ጥርሷን ሳትጨርስ በአንድ እጇ ትጥለው ነበር።

አሁን ቀለበቱን ሳበች። አልነቃነቅ አለ።

ያኔ ትዝ አላት። ሐምሌ ላይ ሁለት ወይፈኖች አጥሩን ተደግፈው ጥለውት ወደ ተከለከለው ሜዳ ሲገቡ፣ ቨርና «አጥብቂው» ብላ ልካት ነበር። ደሊያ ደግሞ ካጠበቀች አጠበቀች ነው። እያንዳንዱን ቀለበት በባለ ሁለት እግር ሚስማር ቋሚው ላይ ቸንክራ፣ በላዩ ሽቦ ጠምዝዛ፣ የተረፈውን ጫፍ ሳይቀር እንጨቱ ውስጥ ቀብራዋለች። አክስቷ አይታ አፏን እንድትይዝ ነበር የፈለገችው።

ቨርና ወርዳ መጣች። ቋሚውን አየችው። ቀጣዩንም ሄዳ አየችው። አፏን አልያዘችም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሚስማር።»

«ሚስማር መሆኑንማ የሚያይ ዓይን አለኝ።»

«አጥብቂው አልሽኝ እኮ!»

«አጥብቂው አልኩሽ እንጂ ግነዢው አልኩሽ?»

ራቅ ብሎ መንጋው አጥሩ ጋ ደረሰ። መሪዋ ቆማ አሸተተች፣ ከዚያ ያን ግዙፍ ገላዋን እንደ ላስቲክ አንስታ ዘለለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። ደሊያ «ይኸው፣ ምን ችግር አለው?» ልትል አፏን ከፈተች፤ አልጨረሰችውም። አንድ ግልገል ወዲያ ማዶ ቀርቷል።

ግልገሉ አጥሩን ይዞ ወዲያ ሮጠ፣ ወዲህ ሮጠ። እንደ ወፍ በቀጭኑ ይጮኻል፣ እናቱ ከሜዳው በኩል ትመልስለታለች። በመጨረሻ ዘለለ። የኋላ እግሩ በላይኞቹ ሁለት ሽቦዎች መሀል ገባና ሽቦው አጣብቆ ያዘው። ተንጠለጠለ። እግሩ ተመንጭቆ ሲወጣ ግልገሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ጫካው በኩል ወደቀ። የሽቦው እሾህ ላይ ጭብጥ የማይሞላ ጠጉር ቀረ።

«ደግሞ ከሞከረ እግሩ ይሰበራል» አለች ቨርና። «ካልሞከረ እናቱ ከመንጋው ጋር ትሄዳለች፣ እሱ እዚያ በረዶ ውስጥ ብቻውን ይቀራል።» የሽቦ መቁረጫውን ዘረጋችላት። «ቁረጪ።»

«አዲስ ሽቦ ነው!»

«ግልገሉም አዲስ ነው።»

«ቆይ፣ ሚስማሩን ልንቀለው!» ደሊያ ፒንሳዋን አውጥታ ታገለች። ሚስማሩ ንቅንቅ አላለም። ሠሪውን የሚያኮራ ሚስማር ነበር።

መቁረጫውን ተቀበለች።

«ፊትሽን አዙሪ» አለች ቨርና። «እንዲህ ተወጥሮ ሲበጠስ ሰው አይመርጥም።»

ደሊያ ቋሚውን ተጠግታ ቆረጠች። ሽቦው እያፏጨ ተመለሰና የጃኬቷን እጅጌ ከክርኗ ጀምሮ ተረተረው። ሁለተኛውን ቆረጠች። ሦስተኛውን። በመጨረሻም የታችኛውን። ስትኮራበት የከረመችው ሥራ ተጠቅልሎ ሣሩ ላይ ተኛ። ቨርና ጫፎቹን እየጎተተች፣ እግር እንዳይጠልፉ ወደ ዳር ሰበሰበቻቸው።

ከዚያ ሁለቱም ከፒክአፑ ጀርባ ሄደው ተንበረከኩ።

«እንዳትንቀሳቀሺ» አለች ቨርና። «እንዳታወሪ ብልሽ መቼም አትችዪም።»

ደሊያ ቻለች። ግልገሉ አጥሩን ታክኮ መጣ፣ ክፍቱ ጋ ደረሰ፣ አልፎት ሄደ። ደሊያ ከንፈሯን ነከሰች። ግልገሉ ቆመ። ተመለሰ። አፍንጫውን መሬት አስነክቶ አንድ እግሩን አሳለፈ፣ ሌላውን አሳለፈ፣ ከዚያ ዓለም በሙሉ ከኋላው የሚያባርረው ይመስል በረረ። እናቱ አንገቱን አሸተተችው፣ ጆሮውን ላሰችው፣ ቁልቁል ወደ ሣሩ ይዛው ገባች።

ጥቂት እንደ ሄደች ግን ቆመች። አንገቷን አዙራ፣ ቀጥ ብላ ወደ ፒክአፑ፣ ወደ ደሊያ ተመለከተች። ዓይኗን አልነቀለችም።

ደሊያ እንባዋ መጣ። «አየሻት አክስቴ?» አለች በሹክሹክታ። «ማን እንደከፈተላት አውቃለች። እያመሰገነችኝ ነው።»

ቨርና ጉልበቷን አራግፋ ተነሣች።

«ነፋሱ ዞሮ ነው» አለች። «ሸተትሻት።»