የጉም አበባና የበቅሎ ኮቴ

አንዲት ብቻ። ተመራማሪዋ ተንበርክካ እንደገና ቆጠረች፤ ያው አንዲት ብቻ።

ጉሙ ከገደሉ ሥር ቀስ እያለ ወጥቶ የሽቦ አጥሩን አልፎ ገባ። የጉም አበባ የምትፈካው በዚህች ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ተጨማድዳ ትተኛለች። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ከሚያነባው ከዚህ ቋጥኝ ሥር በቀር የትም አትበቅልም። ሰማያዊ ናት እንዳይሏት ትነጣለች፣ ነጭ ናት እንዳይሏት ወደ ሰማያዊ ታደላለች። ለረጅም ጊዜ ያያት ሰው ሕልም ይሁን እውን ይምታታበታል።

ከአራት ዓመት በፊት ስልሳ ሦስት ነበሩ። ያኔ ተመራማሪዋ የበቅሎ ነጂ አጎቷን መንገድ በሽቦ ዘግታ፣ አበቦቹን እንደ ዓይኗ ብሌን መጠበቅ ጀመረች። አጎትየው ቅር ቢለውም የእህቱ ልጅ ናትና በዙሪያው እየዞረ ይሄድ ጀመር። በየዓመቱ ግን ሣሩ እየወፈረ፣ አበባው እየሳሳ መጣ።

ዛሬ አጎትየው ጭነት የተሸከመውን በቅሎ ይዞ አጥሩ ጋ ቆሟል። በቅሎውን «ጌታው» ይለዋል። ዙሪያውን መሄድ ጌታውን እንዳስኮረፈው፣ አኩርፎም ቤት ያለ ሰው ሁሉ እንደሚለማመጠው ሲያወራ ቆየ። አልሳቀችም። እንባዋ መጥቶ ነበር።

እሱም ቀልዱን ተወና ጎንበስ አለ።

«ልጄ፣ የቀረችው የት እንደበቀለች አየሽ? አንቺ ጠዋት ጠዋት እየገባሽ የምትረግጪው ቦታ ላይ እኮ ነው። ሌላውን ሣር ውጦታል። ዘሩ ሣሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ አፈር አያገኝም። ድሮ ሣሩን እየረገጥን ጭቃውን የምናቦካላት እኔና ጌታው ነበርን።»

አየች። የአበባዋ ሥር የራሷ የጫማ ዱካ ውስጥ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ቅንድብ አበጃለሁ ስትል ዓይን ስታጠፋ ኖራለች፤ አፈረች።

ሽቦውን ፈታች። ከዚያ አበባዋ ላይ አጎንብሳ በሁለት እጇ ከለለቻት።

«አስገባው፣ ጋሼ።»

ጌታው እንደ ተጋበዘ እንግዳ እየተግደረደረ ገባ። ዓይኗን ጨፍና የሣሩን መተኛት፣ የጭቃውን ድምፅ አዳመጠች። ኮቴው ከጣቶቿ አንድ ስንዝር ርቆ አረፈ፤ ተነሣ።

ዓይኗን ስትገልጥ የኮቴው ጉድጓድ ውኃ እያቆረ ነበር። ጉሙም ጎንበስ ብሎ ገባበት።