አንደበቱ ሲፈታ

ሰው ሲሞት ድምፁና አጨዋወቱ በሚወደው ጌም ውስጥ የሚቀርበት ዘመን ነው። ትብለጥ ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሩን ከፍታ ከሟች ባሏ ከመርዕድ ጋር ኳስ ትጫወታለች። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚጠራት የለም። መርዕድ በሕይወት ሳለ ይንተባተብ ነበር፤ ሰው ሁሉ ቃሉን ከአፉ እየነጠቀ ሲጨርስለት እሷ ብቻ ትጠብቀው ነበር።

ሰሞኑን አዲስ አፕዴት ገባና ጌሙ ይቆራረጥ ጀመር፤ ኳሷ አየር ላይ ቀጥ ትላለች። «ደህናውን ነገር ምን አስነካካችሁ!» ብላ ለኩባንያው ጻፈች።

ዛሬ ማስተካከያው ደረሰ። «የሚቆራረጥ ነገር ሁሉ ተስተካክሏል» ይላል። እውነትም ጌሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

መርዕድ እንደ ወትሮው «ት... ት...» እስኪላት ጠበቀች።

«ትብለጥ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ተጫወቺ እንጂ!» አላት፣ አንዴም ሳይደናቀፍ።

ጆይስቲኩን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»