ክንድ ሲገባ

የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ብሎን ሲያጠብቅ የሚውለው ሰዓት ሠሪ፣ ዛሬ በአንዲት እስር የውሃ ሣር ተሸነፈ። የአዲሱ አኳሪየም ውሃ ከላይኛው ገንዳ በቱቦ ወርዶ፣ ካቢኔው ውስጥ ባለው የማጣሪያ ገንዳ አልፎ፣ በፓምፕ ይመለሳል። ይሄስ በብዙ ልፋት ሠርቷል። ሣሩ ነው እንቢ ያለው፤ አሸዋው ውስጥ ይተክለዋል፣ ተነቅሎ ይንሳፈፋል። ደግሞ ይተክለዋል፣ ደግሞ ይንሳፈፋል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ!

ሚስቱ ጭንቅላቷን ካቢኔው ውስጥ አስገብታ የታችኛውን ገንዳ ትጠብቃለች። እሱ ክንዱን ላይኛው ገንዳ ውስጥ በነከረ ቁጥር ውሃው ተገፍቶ ስለሚወርድ፣ እታች ከለጠፉት የፕላስተር ምልክት አንድ ጣት ያልፋል፤ ሲያወጣ ይመለሳል። ምንጣፉ ጠዋት አንዴ ርሶባታል፤ አሁን ዓይኗን አትነቅልም።

«አለፈ! እጅህን አውጣ!»

«አወጣሁ እኮ! አትጩሂብኝ!» ፎጣውን መንጭቆ አነሳ። «በቃ፣ የፕላስቲክ ሣር እገዛለሁ! ዓሣ ምን ያውቃል?»

«ኧረ አውጣ አልኩህ! እንዳለፈ ነው!»

ሁለት እጆቹን በፎጣው እየጠረገ ወደ ገንዳው ዞረ። ሲንሳፈፍ የዋለው ሣር ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። አሸዋው ጎድጎድ አለና ሥሩን ተቀበለው፤ ከዚያም ዙሪያው ጠቅ ጠቅ ተደርጎ ተደለደለ። ሣሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ሚስቱ ከካቢኔው ውስጥ፤ «ጭራሽ ሁለተኛውንም ክንድህን ጨመርክበት?»